የሚስቴ ወንድም

ሜይ 10፣ 1931፣ እሑድ

ይህ የምድጃ ደብተር ነው። ምዕራብ ጠረፍ ያለው የመዳብ ማቅለጫ ሲዘጋ ከተረኛው ክፍል ይዤው ወጣሁ፤ ግማሹ ገና አልተጻፈበትም ነበር። የፊተኞቹ ገጾች የእሳት ሙቀት ተመዝግቦባቸዋል። ከዚህ ወዲያ ያለው የእኔ ውሸት ነው፤ ለማንም ስለማልናገረው እዚህ ላይ ይቀመጥ።

ስሜ መርቪን ታሎክ ነው። ኤልቪ ሚስቴ ናት፤ ከተጋባን አራት ዓመታችን። ሎንሴስተን ከተማ ከገባን ሦስት ሳምንት ሆኖናል፤ በዚህ ሦስት ሳምንት ውስጥ የሚስቴ ወንድም ሆኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካው ባል ያላትን ሴት አይቀጥርም፤ ባሏ ሥራ ይኑረው አይኑረው አይጠይቁም። ኤልቪ ሳንጋባ በፊት ስድስት ዓመት ጨርቅ ጠጋኝ ነበረች። ቀለበቷን ሻይ ቆርቆሮው ውስጥ ከቅጠሉ ሥር ቀበረችና በአባቷ ስም ወይዘሪት ፓስኮ ነኝ ብላ ገባች። የጠጋኞቹ ኃላፊ ወይዘሪት ኦታዌይ የሚባሉ፣ ስድሳ የሚጠጋቸው፣ ሲስቁ ያያቸው የሌለ ሴት ናቸው። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ አምጥተው ክሩ የተበጠሰበትን አሳዩዋትና "ዝጊው" አሏት። ኤልቪ ሩብ ሰዓት ተቀምጣ ዘጋችው። ወይዘሪት ኦታዌይ መነጽራቸውን አድርገው ጨርቁን ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ ገለበጡት፣ ቦታውን አጡት። "ሰኞ ነይ" አሉ።

እዚህ ድረስ ምንም ችግር አልነበረም። ችግሩ እኔ ነኝ። ቦርሳዋን ታቅፌ እንደ ቂል በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ሴትዮዋ በመስኮት አዩኝና "ያ ሰውዬ ማነው?" አሉ። "ወንድሜ ነው" አለች። ምን ትበል?

የቤት አከራያችን የወይዘሮ ጋድስቢ የእህት ልጅ፣ ዳልሲ፣ እዚያው ጠጋኞች ክፍል ስለምትሠራ ውሸቱ ቤት ድረስ ተከተለን። ኤልቪ ክፍሉ ውስጥ ትተኛለች። እኔ የኋላ በረንዳ ላይ፣ በጆንያ ተጋርጄ። ሥራዬ ሄደ፣ ስሜ ሄደ፣ አልጋዬም ሄደ፤ እሷ ግን ጠዋት ስትወጣ በጆንያው ቀዳዳ ጣቷን አሾልካ አፍንጫዬን ትነካኛለች።

ሜይ 18፣ ሰኞ

የልብስ ቀን። ገና ሳይነጋ ውሃ ቀዳሁ፣ እሳት አነደድኩ፣ አንሶላ ቀቀልኩ። ጎረቤት እንዳያየኝ ጎህ ሳይቀድ ነው የማሰጣው።

ወይዘሮ ጋድስቢ ግን ከማን ቀድመው እንደሚነሱ አላውቅም። ሻይ ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው አዩኝ።

"መቼም እንዳንተ ያለ ወንድም አላየሁም" አሉ። "የእኔ ወንድም አንድ ቀን ካልሲ ቢያጥብልኝ ኖሮ ዛሬም እናነጋግረው ነበር።"

"ሥራ ስለፈታሁ ነው።"

"ኧረ ሥራ የፈታማ ሞልቷል፣ ጎዳናው አይበቃውም። የሚያጥብ ነው የጠፋው። ያንን ሸሚዝ በአንገቱ አትስቀለው፣ በጫፉ ስቀለው።"

በጫፉ ሰቀልኩት። ዘነበ። ሁሉንም አወረድኩ።

ሜይ 27፣ ረቡዕ

ትናንት ከእራት በኋላ ኤልቪ አሮጌ ሱሪዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ዓይንህን ጨፍን" አለችኝ። ጣቶቼን ይዛ ጨርቁ ላይ ታስኬዳቸው ጀመር።

"እዚህ ጋ ምን አለ?"

"ጨርቅ።"

"ጨርቅማ ጨርቅ ነው፣ አንተ ግንድ! ቋጠሮው አይታወቅህም?"

አልታወቀኝም። የእኔ ጣት ሃያ ዓመት እሳት የለበለበው ነው። የእሷ ግን ዓይኗ ሳያይ ያገኛል። ከሽመና ማሽኑ የወረደውን ጣቃ ዘመም ባለው ጠረጴዛ ላይ እየሳበች ትዳስሰዋለች፤ ቋጠሮ ስታገኝ በጠመኔ ምልክት ታደርጋለች፣ ትፈታዋለች፣ የጎደለውን ክር በመርፌ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች ትመልሰዋለች። ሲያልቅ ካርዱ ላይ ስሟን ጽፋ ጣቃው ላይ ታስራለች፤ ስሟ በድጋሚ የተጻፈበት ጉራጁ ተቀዶ ወይዘሪት ኦታዌይ ጋ ይቀራል። ካርዱ ባይኖር እጇ እንዳለፈበት ማንም አያውቅም። እኔ ስሠራ ጭሱ ከሌላ ከተማ ይታይ ነበር። እሷ ግን ስትሠራ ምንም ያልሠራች ትመስላለች፤ እንደዚህ የሚያስደንቅ ሥራ አላየሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ትራም ስንጠብቅ የማታውቀውን ሰውዬ የኮት እጅጌ ያዘችና "ይኼ ጨርቅ የእኛ ነው" አለችው። ሰውዬው ልትሰርቀው መስሎት ኪሱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወደ ቤት እስክንገባ ሳቅን።

ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛውን ትይዛለች። ጀርባዬን አመመኝ ብላ አታውቅም። አያለሁ።

ጁን 7፣ እሑድ

ምሳችንን በልተን ሳንነሳ በሩ ተንኳኳ። ክላሪ ሃዶው የሚባል ሰው ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ የሽመና ማሽኖቹን የሚያስተካክል፣ አርባ የሚሆነው፣ ሚስቱ ከሞተች አምስት ዓመት ያለፋት። በአንድ እጁ ባርኔጣውን፣ በሌላው ትልቅ ጥቅል ጎመን ይዟል። ኤልቪን ሳይሆን እኔን ነው የፈለገው። በረንዳው ላይ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጥን።

"ስማኝ ፓስኮ፣ አባታችሁ በሕይወት እንደሌሉ ሰምቻለሁ" አለ።

"የሉም" አልኩ። የኤልቪ አባት ማለቱ ነው። የእኔ አባት ሰሜን በኩል ዛሬም በግ ይሸልታል።

"እንግዲህ ቤተሰቡ ውስጥ ያለኸው ወንድ አንተ ነህ። እኔ ደግሞ ነገር በሥርዓቱ ሲሄድ ደስ ይለኛል። እሑድ እሑድ እህትህን ይዤ ሸርሸር ብል ቅር ይልሃል?"

በገዛ ሚስቴ ጉዳይ ፈቃድ ተጠየቅሁ። ከአፌ የወጣው "ጎመኑ ትልቅ ነው" የሚል ነበር።

"ከጓሮዬ ነው" አለ፣ ደስ ብሎት።

"እሷን ብትጠይቃት ይሻላል።"

"አንተ አልከለከልከኝም ማለት ነው እንግዲያ!" ብሎ እጄን ጨበጠኝ። እጁ ዘይት የጠገበ፣ የሠራተኛ እጅ ነው። ብጠላው ደስ ባለኝ፤ የሚጠላ ነገር አጣሁበት።

ጁን 8፣ ሰኞ

ልብስ። ጭጋግ። ምንም አይደርቅም።

ኤልቪ ትናንት የጎመኑን ነገር ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

"ታዲያ ለምን እምቢ አላልክም?"

"ወንድም ምን ብሎ እምቢ ይላል?"

"ባልስ ምን ብሎ ዝም ይላል?" አለችና ጎመኑን መክተፏን ቀጠለች።

ጁን 14፣ እሑድ

ሦስታችንም ሄድን። አንድ ጊዜ አብሬው በአደባባይ ልታይ፣ ከዚያ በደግ ቃል እነግረዋለሁ ብላ ነው ኤልቪ እሺ ያለችው፤ በሸማኔዎቹ ሁሉ ዘንድ ተቀባይነት ያለውን ሰው ገና በሳምንቱ ብታሳፍረው ወሬው ወደ እሷ ይዞራል። በገደሉ ዳር ባለው መንገድ ላይ እነሱ ከፊት፣ እኔ ጠባቂው ወንድም አምስት እርምጃ ከኋላ። ክላሪ ስለ ማሽን ነው የሚያወራት። አንዴ መሀረቧ ወደቀ፤ ሁለታችንም ጎንበስ ስንል ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨን። "ይቅርታ" አለኝ። እኔም "ይቅርታ" አልኩት።

ስንመለስ ወደ ኋላ ቀረና ከእኔ ጋር መሄድ ጀመረ። "ቦይለር ክፍል በሳምንት ሦስት ቀን እሳቱ ላይ ከሰል ለመጨመር አካፋ የሚይዝ ይፈልጋሉ። ሃያ ዓመት ምድጃ ላይ ነበርክ አይደል? ላናግርልህ?"

"አናግርልኝ" አልኩ፤ አላሰብኩበትም። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ "ኤልቪ ጊዜ ትፈልጋለች፣ አትቸኩልባት" አልኩት። ፊቱ በራ።

ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ሰውዬውን ማሳዘን ስላልፈለግሁ ይሆናል። የቦይለሩን ነገር ለኤልቪ ወዲያው ነገርኳት። ሌላውን ለመንገር አልተመቸኝም።

ጁን 21፣ እሑድ

አልተመቸኝም። ወይዘሮ ጋድስቢ ጥንቸል ሰጡን። ነገ እነግራታለሁ።

ጁን 30፣ ማክሰኞ

አይቪን አባረሯት።

አይቪ ከኤልቪ ጎን ያለው ወንበር ላይ የምትሠራ ናት። ለካ ከገና ጀምሮ ባል ኖሯት ደብቃ ነበር። ማን እንደተናገረባት አይታወቅም። አለቃው ስትራንግ ራሱ መጥቶ በሁሉም ፊት "ወይዘሮ ይባላሉ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ኮትዎን ይልበሱ" አላት። መቀሷን ኪሷ ውስጥ ከትታ ወጣች። የባሏ እግር የተሰበረ ነው፣ ወደብ ላይ እቃ ወድቆበት።

ኤልቪ እራት አልበላችም። "አንገቴን አላነሳሁም መርቭ። እሷ ስትወጣ እኔ እየጠገንኩ ነበር። አሥራ ሦስታችንም እየጠገንን ነበር። ወይዘሪት ኦታዌይ እንኳ።"

"ብትናገሪ አንቺም ትወጪ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ። እሱን ነው የምነግርህ።"

እግሯን በሞቀ ውሃ አጠብኩላት። ወይዘሮ ጋድስቢ ገብተው አይተው ወጡ፤ ዛሬ ስለ ወንድሞች ምንም አላሉም።

ጁላይ 8፣ ረቡዕ

ቦይለር ክፍል ገባሁ። ሁለተኛ ቀኔ ነው። አካፋ ስይዝ ክንዴ ድሮውን አስታወሰ፤ ልቤ ደስ አለው፣ አልዋሽም።

አንድ ጉድ ግን አለ። "ፓስኮ!" ሲሉኝ አልዞርም። ትናንት ሦስት ጊዜ ተጣሩ፣ አራተኛው ላይ የምድጃው ኃላፊ የከሰል ድንጋይ ጀርባዬ ላይ ወረወረ። "ጆሮህን ምን ደፈነው?" ሲለኝ "ማቅለጫው ነው ያደነቆረኝ" አልኩ። ምን ልበል? አሁን ሁሉም ጆሮዬ ሥር እየመጣ ይጮኽብኛል። እንድሰማው የማይፈልጉትን ደግሞ ፊት ለፊቴ ያወሩታል። አንዱ "ሃዶው አማቹን ከወዲሁ እየመገበ ነው" አለና ሳቁ። እኔም ምን እንደተባለ እንዳልገባው ሰው አብሬ ፈገግ አልኩ።

ጁላይ 12፣ እሑድ

ኤልቪ ሁሉንም አወቀች።

ከዚያች እሑድ በኋላ ሽርሽሩ ይቅርብኝ ብላው ነበር፤ ክላሪ ግን ዓርብ ዕለት "ወንድምሽ ጊዜ እንደምትፈልጊ ነግሮኛል፤ እኔ እጠብቃለሁ" አላት። ቤት ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት መሀል ቆመች።

"አካፋ ለመያዝ እኔን ሰጠኸው።"

"አልሰጠሁሽም! ጊዜ ብቻ ነው ያልኩት።"

"የማንን ጊዜ?"

"ኤልቪ፣ ስንት ሰው ጎዳና ላይ ቆሞ ይለምናል። አንቺ ብቻሽን ስትደክሚ እያየሁ..."

"ደክሞኛል። አልደከመኝም ያለህ ማነው? ግን ያን ሰው አላታለልኩትም። ፋብሪካውን እዋሸዋለሁ፤ ፋብሪካ አያዝንም። ክላሪ ግን ያዝናል።"

በዚህ ደብተር ላይ ሁለት ጊዜ "አልተመቸኝም" ብዬ የጻፍኩትን አነበብኩት፤ እጄን ማን ያዘው? የፈራሁት የኤልቪን ጥያቄ ሳይሆን አካፋውን ማጣት ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ራሴን ደህና ሰው እቆጥር ነበር።

ትናንት ጠዋት ራሷ ክላሪ ከሚሠራበት ማሽን ሥር ሄዳ "ምዕራብ ጠረፍ ላይ ቃል የሰጠሁት ሰው አለ፤ መጀመሪያውኑ ልነግርህ ይገባ ነበር" አለችው። ኮፍያውን አወለቀና "ዕድለኛ ሰው ነው" አላት። አካፋዬንም አላስቀማኝም፤ ማክሰኞ እንደ ወትሮህ ግባ ብሎ ልኮብኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጁላይ 14፣ ማክሰኞ

አታናግረኝም። ምሳዬን ግን ቋጥራልኛለች። ጣቷ በጆንያው በኩል አልመጣም።

ጁላይ 16፣ ሐሙስ

መጣ። አፍንጫዬን ቆነጠጠችኝ፣ አመመኝ፣ ደስ አለኝ።

ጁላይ 18፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

በችኮላ ነው የምጽፈው። 

አይቪ ከወጣች ወዲህ የእሷንም ድርሻ እያከፋፈሉ ይሠራሉ። ዛሬ እኩለ ቀን ሊደወል ሲል ኤልቪ የመጨረሻውን ጣቃ ጨርሳ ካርዱን ጽፋ አሰረች፤ ጋሪ የሚገፋው ልጅ ወደ ስትራንግ መፈተሻ ጠረጴዛ አወረደው። ትራም ላይ ሆና ነው የታወቃት። ካርዱ ላይ የጻፈችው "ኤልቪ ታሎክ" ብላ ነው፣ በእኔ ስም።

በማይጠፋ እርሳስ።

ጁላይ 19፣ እሑድ

ፋብሪካው ዝግ ነው። ካርዱ እዚያ ነው። ስትራንግ ሰኞ ጠዋት ጣቃዎቹን ሲመረምር መጀመሪያ የሚያነበው ካርዱን ነው።

"ልሂድ" አልኳት። "ዛሬውኑ ሻንጣዬን ልያዝ። ታሎክ ማነው ቢሉሽ፣ ለክላሪ ቃል ሰጥቼዋለሁ ያልኩት ሰው ነው፣ ጥሎኝ ሄዷል በያቸው። የሌለ ሰው አያስባርርም።"

"ወዴት ትሄዳለህ?"

"መንገዱ ላይ ስንት ሰው አለ። አንዱን እሆናለሁ።"

ካልሲዬን እየጠገነች ነበር። መርፌውን ሳታቆም "አንተ ከሄድክ እኔ የምዋሸው ለማን ብዬ ነው?" አለች።

ከዚያ ወዲያ ስለመሄድ አላነሳሁም። እሷ ግን ትንሽ ቆይታ ለብቻዋ ሳቀች። "ስድስት ዓመት ፓስኮ ብዬ ጻፍኩ፣ አሁንም ሦስት ወር። አንድ ቀን ሲደክመኝ ግን እጄ የሚያውቀውን ጻፈ።"

ይህችን ሴት እንዴት እንደምወዳት ለመጻፍ ሞከርኩ፣ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩ። እወዳታለሁ። ነገ ኮትሽን ልበሺ ይሏታል።

ጁላይ 21፣ ማክሰኞ፣ የምሳ ሰዓት

ኮቷን አልለበሰችም! ከቦይለሩ ጀርባ ተቀምጬ ነው የምጽፈው፤ እሷ እንደነገረችኝ ልጻፈው።

ትናንት ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ወይዘሪት ኦታዌይ በሩ ላይ ቆመው ለሚገቡት ሁሉ ባዶ ካርድ ያድሉ ነበር። "ስማችሁን ጻፉ። ቀጥሎ ግን የአባታችሁን ስም አይደለም፤ ልታገቡት የምትፈልጉትን ወንድ ስም ነው። ቶሎ በሉ። እንዳትጠይቁኝ።"

"የምትፈልገው የሌላትስ?" አለች ዳልሲ።

"ፈልስፊ!"

ኤልቪም ካርድ ደረሳት። ምን እንደሆነ ሳይገባት ይዛው ተቀመጠች። ወይዘሪት ኦታዌይ እሷ ጋ ሲደርሱ "አንቺ ጽፈሻል፣ ተዪው" ብለው መልሰው ወሰዱባት። የቅዳሜውን ጉራጅ አንብበውት ኖሯል፤ ሲያነቡት ግን ጣቃው ወርዶ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ስትራንግ ካርዱን እያወዛወዘ ገባ። "ታሎክ ማናት? መዝገቤ ላይ ታሎክ የምትባል ሴት የለችም።"

ኤልቪ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ልትነሳ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

"ጨዋታ ነው፣ አቶ ስትራንግ" አሉ ወይዘሪት ኦታዌይ። "ቅዳሜ ቅዳሜ በመጨረሻው ጣቃ ላይ የወደዱትን ወንድ ስም ይጽፋሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ልከለክላቸው ሞክሬ አቅቶኛል። ይኸው የሌሎቹን ይዤባቸዋለሁ።" የያዙትን ካርዶች ሁሉ አስረከቡት።

ስትራንግ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። "ዳልሲ... ሃዶው?" ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ዳልሲ ከጨርቁ ሥር ተደበቀች። አንዷ የደብሯን ቄስ ጽፋለች። አንዷ ሁለት ወንድ ጽፋ "ገና አልወሰንኩም" አለችው። ስትራንግ የመጨረሻውን ካርድ ገልጦ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

"ይኼ የማን ነው?"

"የእኔ ነው" አሉ ወይዘሪት ኦታዌይ፣ ቀጥ ብለው እንደቆሙ።

ካርዱ ላይ የራሳቸውን ስም ከእሱ ስም ጋር፣ "ኦገስታ ስትራንግ" ብለው ጽፈዋል።

ሰውዬው ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ጆሮው ቀላ። ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ጣላቸውና በሩ ላይ ደርሶ "ከእንግዲህ በፋብሪካው ወረቀት እንዳይቀለድ!" ብሎ ወጣ። ወይዘሪት ኦታዌይ "ሥራ!" አሉ። ማንም ግን ለሩብ ሰዓት ያህል መርፌ ማስገባት አልቻለም።

ማታ ሊወጡ ሲሉ ወይዘሪት ኦታዌይ ወደ ኤልቪ ወንበር መጥተው የቅዳሜውን ካርድ ኪሷ ውስጥ ከተቱላት። "ለወንድምሽ አሳዪው" አሏት። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ ስትጠይቃቸው "ከመጀመሪያው ቀን። እንደዚያ አድርጎ ቦርሳ የሚያቅፍ ወንድም የለም" አሉ። ከዚያ የአይቪን ባዶ ወንበር እያዩ "ለዚያችኛዋ አልደረስኩላትም" ብለው ሄዱ።

ጁላይ 23፣ ሐሙስ

የካርዱ ወሬ ፋብሪካውን ሁሉ አዳርሷል። ዳልሲ ሃዶው እያሉ ክላሪን ሲያበሽቁት ዋሉ። ታሎክ የሚለውንም ስም ሁሉም ሰምቷል፤ ይህን አላሰብኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጀርባዬን ሰጥቼ ከሰል ስዝቅ ከኋላዬ አንድ ሰው፣ ከሹክሹክታ ባልበለጠ ድምፅ፣ "ታሎክ" አለ።

ዞርኩ።

ክላሪ ነበር። አተኩሮ አየኝ። በሦስት ሰው ጩኸት የማይዞር ደንቆሮ በአንዲት ሹክሹክታ ዞሯል። የእሑዱ ሽርሽር፣ አምስት እርምጃው፣ ጎመኑ፣ "አትቸኩልባት" ያልኩት፣ ሁሉም በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት።

"ክላሪ..." አልኩ።

"ጆሮህ ለአንድ ስም ብቻ ነው የሚሠራው" አለኝ። "ሌላም ሰው ሊሞክረው ይችላል።" ሄደ።

ማስፈራሪያ ነው? ምክር ነው? ለኤልቪ ወዲያው ነገርኳት፤ አሁን ይመቸኛል። "ቢናገርብን አልፈርድበትም" አለች። እኔም አልፈርድበትም። የሚጎዳው ግን እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት።

ጁላይ 24፣ ዓርብ

ዛሬ ተራዬ አይደለም። የቤቱን መስኮት ሁሉ ወለወልኩ። ወይዘሮ ጋድስቢ "ምን ያስጨነቀህ ነገር አለ?" አሉ። ምንም አልኩ። "እንግዲያው ያንን መስታወት ተወው፣ ሊሳሳ ነው" አሉ።

ጁላይ 25፣ ቅዳሜ

ሳልረሳው።

ዛሬ በምትክ ጠርተውኝ ግቢው ውስጥ ከጋሪ ከሰል እያራገፍኩ ነበር። የጠጋኞቹ ክፍል መስኮት ከላያችን ነው። ክላሪ ከምድጃው ኃላፊ ጋር ቆሞ ስለ አንድ የማሽን ቀበቶ ያወራል። የስትራንግን ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ ተረከዙ ብረት ያለበት ጫማ ነው። ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ሰኞ ዕለት የቀላው ፊቱ ሳይበርድለት እንደሰነበተ ገባኝ።

"ታሎክ!" ብሎ ጮኸ።

አባቴ የሰጠኝ ስም ነው። እናቴ ከማዶ ስትጠራኝ የነበረው። ኤልቪ ሲደክማት የጻፈችው። አንገቴ ሊዞር ተነሳ፤ ያዝኩት። አካፋውን ከሰሉ ውስጥ ከተትኩ። አነሳሁ። ደፋሁ። ደግሞ ከተትኩ።

"ታሎክ!" አለ እንደገና፣ ጠጋ ብሎ።

ከተትኩ። አነሳሁ። ላይ ያለው መስኮት ክፍት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያ የክላሪ ድምፅ ግቢውን አናጋው። "ኧረ ተዉት አቶ ስትራንግ፣ እሱ በስሙም አይሰማ! ፓስኮ! አንተ ፓስኮ! ጆሮህን ማን ይክፈትልህ?" የከሰል ድንጋይ መጥቶ ትከሻዬን መታኝ።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። እጄን ከጆሮዬ ኋላ አድርጌ "እ?" አልኩ።

ስትራንግ እኔን አየኝ፣ ክላሪን አየው፣ ወደ መስኮቱ ቀና አለ። መስኮቱ ላይ አሥራ ሦስት ራስ ጨርቁ ላይ አቀርቅሯል። ሄደ። ክላሪም ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ፤ እኔን ሁለተኛ አላየኝም። ይህ ሰው ያደረገልንን እኔ ላደርግለት አልችልም ነበር።

እኩለ ቀን ላይ በሩ ጋ ቆሜ ጠበቅኋት። ዛሬ ቦርሳዋን አልያዝኩም። መንገድ ተሻገርን።

"ሰምቼዋለሁ" አለች። "ሁለት ጊዜ ጠራህ። አልዞርክም።"

"ማን ጠራኝ?" አልኳት።

ክንዴን ያዘችኝ። እህት እንደምትይዘው አልነበረም፤ መንገዱን ግን እስከ ቤታችን ድረስ ጭጋግ ሸፍኖልን ነበር።